ከፎቶዎቻችን የቀረችው

የአያቴ ተዝካር ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳጥኗን ከፈተ። ከጥበብ ቀሚሶቿና ከዕድር ደብተሯ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ። የቤቱ ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ የአጎቴ ሠርግ፣ የታላቅ ወንድሜ ምረቃ፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ሽልማት፣ አዲሱ ሶፋ የገባ ዕለት ቡና ተፈልቶ የተነሣነው። ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሁላችንም የምናየው ፊት ነበር፤ ማን እንደከሳ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ማንን እንደሚመስል። አክስቴ እታለም ግን የምታየው ልብሱንና ዕቃውን ነው። «ይህች ቀሚስ ከቤይሩት፣ ከቡርጅ ሐሙድ ናት፤ አርመኗ ሴትዮ በዱቤ ሰጥታኝ» ትላለች። «ይህን ሱፍ የላክሁት በሰው እጅ ነበር፤ ኤርፖርት ላይ ሊቀር ምንም አልቀረው።» «ቴሌቪዥኑ የሁለት ወር ነው።» ሁለት ወር ያለችው የሁለት ወር ደመወዟን ነው።

ቆርቆሮው ባዶ እስኪሆን አየን። እታለም በአንዱም ፎቶ ላይ የለችም።

ማንም ይህን ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ከእኔ ውስጥ ግን አልወጣ አለ። ስለ ፊልም መጻፍ እንጀራዬ ነውና ነገርን የማየው እንደ ልማዴ ነው፦ በምስሉ ውስጥ የገባው ማን ነው? ከምስሉ ውጭ የቀረውስ? እታለም ከምስሉ ውጭ ሆና ምስሉን በሙሉ ያለበሰች፣ ያስቀመጠች፣ ያበላች ሰው ናት። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ቤይሩት ሄደች፤ የተመለሰችው በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው ደጃፍ ላይ ጥለው ይሄዱ በነበረበት ዘመን ነው። በመካከሉ ያለው ዕድሜዋ እኛ ቤት የለም። እኛ ቤት ያለው የዕድሜዋ ዋጋ ነው።

ይህን ሳሰላስል የረዱኝ ሁለት የህንድ ፊልሞች ናቸው። አንደኛው የአያቴ ነው። ሁለተኛውን ከእታለም ጋር አየሁት።

አያቴ ሲኒማ ራስ ስትገባ

አያቴ በርበሬ ተራ ቅመም ትነግድ ነበር። ከዚያ እስከ ሲኒማ ራስ በእግር ጥቂት መንገድ ነው፤ የመርካቶ ሰው የህንድ ፊልም የለመደውም እዚያ ነው። አያቴ በሕይወቷ ያየቻቸው ፊልሞች ብዙ አይደሉም፤ «ማዘር ኢንዲያ»ን ግን ደጋግማ አይታለች። ሂንዲ አታውቅም፣ ጽሑፍም አታነብም፤ ታሪኩን ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ሳታስቀር ትተርከው ነበር። ልጅ ሳለሁ እንደ ተረት የሰማሁት እሱን ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ነው። አዘጋጁ መህቡብ ካን ይህንኑ ታሪክ በ1940 አንድ ጊዜ ሠርቶት ነበር፤ ህንድ ነፃ ከወጣች ከዐሥር ዓመት በኋላ በቀለም፣ በዘፈንና በሰፊ ሜዳ አድርጎ እንደገና ሠራው። ናርጊስ የተጫወተቻት ራድሃ አዲስ ሙሽራ ሆና ስትገባ ለሠርጓ ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ ብድር ይጠብቃታል። አበዳሪው ሱኪላላ ለወለዱ ብቻ ከአዝመራው ከአራት እጅ ሦስቱን ይወስዳል። ባሏ እጆቹን ድንጋይ ተጭኖት ያጣል፤ የሰው ሸክም ሆኜ አልኖርም ብሎ አንድ ሌሊት ይጠፋል። ጎርፍ ይመጣል፣ ሕፃን ይሞታል፣ በሬ የለም፤ ራድሃ ሞፈሩን ራሷ ትጎትታለች። በመጨረሻም ሽፍታ የሆነው ልጇ ቢርጁ የአበዳሪውን ልጅ ከሠርጓ ጠልፎ ሲሄድ፣ የመንደሩን ሴት ልጅ ክብር ለማስጠበቅ ብላ በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድለዋለች።

አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝም ትልና ነጠላዋን ታስተካክላለች። «እናት ማለት እንዲህ ናት» ትላለች ከዚያ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ቋንቋውን አለማወቋ አንድም ቀን ከልቅሶ አግዷት አያውቅም። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ አያቴ የእኩል አራሽ ልጅ ነበረች። አዝመራ ደርሶ ባለመሬቱ ድርሻውን ሲያስነሣ አውድማው ዳር የቆመች ሕፃን ነበረች። ሱኪላላ ሚዛኑን ይዞ ብቅ ሲል ማን እንዲተረጉምላት ትፈልጋለች? ባሏም ገና በወጣትነቷ ሞቶባት አራት ልጆች በሙቀጫ አሳድጋለች። ስለ ራድሃ ስታወራ ስለ ራሷ እያወራች ነበር፤ ደግሞም እውነቷን ነው።

ስለዚህ ፊልም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሲቀረጽ እሳት ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ ናርጊስ መሐል ላይ ተከበበች፤ ዘሎ ገብቶ ያወጣት ልጇን ቢርጁን የሚጫወተው ሱኒል ዳት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። አያቴ ይህን ስነግራት በጣም አልወደደችውም፤ ለእሷ እናትና ልጅ ነበሩ።

እኔ የደረስሁት በቪዲዮ ቤት ዘመን ነው። የተዋናዩ የአሚታብ ባችቻን ዘመን። «ዲዋር» በተባለው የ1975 ፊልም ውስጥ ሀብታም የሆነው ወንድም ሕንፃውን፣ መኪናውን፣ የባንክ ገንዘቡን ቆጥሮ አንተስ ምን አለህ ሲለው፣ ፖሊስ የሆነው ታናሽ «እኔ እናት አለችኝ» ብሎ ይመልስለታል። ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። ዛሬ ሳስበው በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ የሚደጋገመው እናትና ወንዶች ልጆች ናቸው። ሴት ልጅ ብትኖርም የምትዳር ናት፣ ካልሆነም የምትበደልና ወንድሞቿ ደሟን የሚመልሱላት። ቤቱን የምታኖር ሴት ልጅ ግን አላየሁም። አያቴም አላየችም። ለዚህም ይመስለኛል፣ ቤታችን በእታለም ደመወዝ መብላት ከጀመረ ከስንት ዘመን በኋላ እንኳን ቤቱን የተሸከመችው ራድሃ፣ ማለትም አያቴ እንደሆነች ሁላችንም እናምን የነበረው። ሸክሙ ትከሻ ለውጦ ነበር፤ ትዝታችን ግን የድሮው ላይ እንደቆመ ቀረ።

ካልካታ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ

«ማዘር ኢንዲያ» በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በዚያው አገር በሌላው ጫፍ፣ ሪትዊክ ጋታክ «ሜጌ ዳካ ታራ»ን ሠራ፤ ደመና የጋረደው ኮከብ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቋንቋው ቤንጋሊ። ሁለቱ ፊልሞች በአንድ አገር መሠራታቸው ይገርመኛል። የመጀመሪያው ሲከፈት አሮጊቷ ራድሃ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ተደርጎላት የመስኖውን ቦይ እንድትመርቅ ትጋበዛለች፤ መሥዋዕትነቷ በይፋ ይመሰገናል፣ የአገር ውኃ ይሆናል። በሁለተኛው ፊልም ውስጥ ጉንጉን የሚያጠልቅ ሰው የለም።

ጋታክ የምሥራቅ ቤንጋሏ የዳካ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የተወለደ። በ1943 ቤንጋል በረሃብ ስትረግፍ ወጣት ነበር፤ በነሐሴ 1947 ደግሞ የትውልድ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ምሥራቁ ወደ ፓኪስታን ሄደ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ካልካታ ዳርቻ ላይ በቀርከሃና በቆርቆሮ ጎጆ ሰፈረ። ጋታክ ይህን ክፍፍል እስከ ሞተበት እስከ 1976 ድረስ አልተቀበለውም፤ በዓለም የታወቁት ሦስቱ ፊልሞቹ ሁሉ ከዚህ ቁስል የወጡ ናቸው። የሚገርመው ግን «ሜጌ ዳካ ታራ» ውስጥ ድንበሩ አይታይም፣ ወታደርም የለም። ያለው አንድ ቤት ነው። አገር ሲከፈል ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚደርስ ነው የሚያሳየን።

ቤቱ የመምህር ቤት ነው። አባት ግጥም እየጠቀሰ የሚውል የተማረ ሰው ነው፤ በኋላ አደጋ ደርሶበት ቤት ይውላል። ታላቁ ልጅ ሻንካር ዘፋኝ ለመሆን ቀኑን ሙሉ ይለማመዳል፤ ሳንቲም አያመጣም። ታናሿ ጊታ ቆንጆ ናት፣ ታናሹ ሞንቱ ኳስ ተጫዋች። ሁሉንም የያዘችው ኒታ ናት፤ ሱፕሪያ ቾውዱሪ የተጫወተቻት። እየተማረች ታስጠናለች፣ በኋላም ትምህርቷን ትታ ቢሮ ትገባለች። የምትወደው ሳናት ምርምሩን እንዲጨርስ እሱንም ትደጉማለች። ሳናት ኋላ የሚያገባው ጊታን ነው። ኒታን ሳንባ ነቀርሳ ይይዛታል፣ ደም ትተፋለች፣ ደብቃ ትኖራለች።

ስለዚህ ፊልም ከዚህ በፊትም ጽፌ ነበር፤ የጻፍሁት ስለ ድምፁ ነው። ጋታክ ድምፅን እንደ ሌላ ሰው አይጠቀምም። ኒታ የሳናትን ቤት ደረጃ ስትወርድ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። ጅራፍ የያዘ ሰው የለም። ከወንድሟ ጋር በሌሊት የቤንጋሉን ባለቅኔ የታጎርን ዘፈን ሲዘፍኑም ያው ጅራፍ ይመጣል። ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ ደስ እያለኝ ነበር የማስረዳው።

«አቁሚልኝ»

እታለም ከእኔ ጋር ትኖር በነበረበት ክረምት አንድ ምሽት ለሥራ ልመለከተው ፊልሙን ከፈትሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «የህንድ ነው?» አለች። ነው አልኋት። «ዘፈን አለው?» አለው፣ ግን እንደምታውቂው ዓይነት አይደለም። ጋቢዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ከሥር የሚመጣውን ጽሑፍ እየተረጎምሁላት አየነው።

መጀመሪያ ላይ ግዙፍ ዛፍ አለ፤ ኒታ ከሥሩ እየመጣች ነው፤ ወንድሟ ውኃ ዳር ተቀምጦ ይዘፍናል፤ ከበስተኋላ ባቡር ያልፋል። ቀጥሎ መንገድ ላይ የሰንደል ጫማዋ ማሰሪያ ይበጠሳል። ኒታ ቆም ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች። እታለም ወዲያው «አታሰፋውም እንዴ?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። የማስጠናቷ ክፍያ የሚደርስበት ቀን መጣ። ጊታ ሳሪ ትፈልጋለች፣ ሞንቱ የኳስ ጫማ ይፈልጋል፣ ሻንካርም እጁን ይዘረጋል፤ ገንዘቡ ወር ሳይደርስ በአንድ ቀን አለቀ። እታለም ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል «ለእሷስ?» አለች።

ከዚያ እናትየዋ የምትፈራበት ቦታ ደረሰ። ሳናትና ኒታ ሲነጋገሩ እናት ከምድጃው አጠገብ ሆና ታያቸዋለች፤ ጆሮዋን ትጥላለች። ንግግሩ እየራቀ የሚንተከተክ ድስት ድምፅ እየጎላ ይመጣል፤ ፊቷን ካሜራው ቀረብ አድርጎ ይዞታል። ልጅቷ ካገባች ማን ያበላናል የሚል ፊት ነው። አንድም ቃል አትናገርም። ለትርጉም የሚሆን ምንም አልነበረም።

«አቁሚልኝ» አለች እታለም።

አቆምሁት። የእናትየዋ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። እታለም ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔ ቀጥዪ እስክትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ ግን መናገር ጀመረች።

የመጀመሪያ ዕረፍቷን ወስዳ አዲስ አበባ በመጣችበት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ይኖር የነበረ የታክሲ ሹፌር፤ እስክትመለስ ጠብቋት ኖሯል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እታለም ጓዳ ሆና ዶሮ ወጥ ትሠራለች። መጋረጃው ስስ ነበርና ሁሉን ትሰማለች፤ የሚረብሻት የድስቱ መንተክተክ ብቻ ነበር፤ እሳቱን ቀነሰችው። አያቴ በደንብ ተቀበለቻቸው፣ መረቀቻቸው፣ ቤቱን አመሰገነች። ከዚያ «ወንድሟ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ እሱን ታስጨርስና እግዚአብሔር ያለው ይሆናል» አለች። ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ምን ይላል? እውነት ነው ብለው፣ ወጡን በልተው ሄዱ። ወንድሟ ሲጨርስ የሌላው ተራ ደረሰ። ከዚያ የጣራው ቆርቆሮ መለወጥ ነበረበት። ከዚያ የእኔ ትምህርት ቤት ክፍያ። ሹፌሩ ሌላ አገባ፤ ሦስት ልጆች አሉት።

«እማዬ ክፉ ሆና አይደለም» አለች እታለም፣ ጣቷን ወደ ቆመው ፊት እየጠቆመች። «እይዋት እስቲ። ፈርታ ነው።»

«ምን ፈርታ?»

«ወሩ እንዳይጎድል።»

ይህን ፊት በትምህርት ቤት አይቼዋለሁ፣ በመጽሐፍ ላይ ታትሞ አይቼዋለሁ፣ ስለ ድምፁ አውርቻለሁ። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል። የአያቴን ፊት በዚያ ቦታ ላይ ያየሁት እታለም አቁሚልኝ ካለችኝ በኋላ ነው። ያቺ ልጅነቷን አውድማ ዳር የተነጠቀች፣ በሙቀጫ ያሳደገችን፣ ሲኒማ ራስ ውስጥ ለራድሃ ያለቀሰች ሴት፣ ከአበዳሪው የተማረችውን ፍርሃት ይዛ ጓዳ ድረስ ገብታ ነበር። ሁለቱ ፊልሞች ለእኔ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ራድሃ አርጅታ ብትቀጥል፣ መንደሯ ቢፈርስና ከተማ ዳር ብትሰፍር፣ በበሬዋም በሞፈሯም ፋንታ አንዲት ደመወዝተኛ ልጅ ብትኖራት፣ የኒታ እናት ትሆን ነበር። ተርበው ያደጉ ሰዎች የሚወዱትንም የሚይዙት እንዳይጎድል አድርገው ነው።

በፊልሙ ውስጥ የኒታ በሽታ ሲታወቅ አባትየው ጣቱን ዘርግቶ «እከሳለሁ!» ይላል። ማንን? ብለው ሲጠይቁት ጣቱ ይወርዳል፤ «ማንንም።» ተቺዎች ይህን ቦታ ያደንቁታል፤ በደሉ የታሪክ ነው፣ የክፍፍሉ ነው፣ አንድ ሰው ላይ አይለጠፍም ይላሉ። ገባኝ። እታለምም እናቷን አልከሰሰችም። ግን እኔ ያ ጣት ባይወርድ እመርጣለሁ። የአረብ አገሩን በደል በስሙ እንጠራዋለን፤ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረውን ሥርዓት ካፋላ እንላለን፣ ፓስፖርት የነጠቀውን አሠሪ እንረግማለን፣ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲባረሩ ኤርፖርት ሄደን አልቅሰናል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ ወር እየቆጠረ ይጠብቅ የነበረው እጅ ግን ስም የለውም። ከዚያ እጅ አንዱ የእኔ ነው፤ ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ትምህርቴ ከዚያ የመጣ ነውና ጣቱ እኔም ላይ ቢያርፍ አልሸሽም።

ሁለት ጩኸት

ከኒታ በፊት በአምስት ዓመት፣ በዚያው በቤንጋል፣ ሳትያጂት ራይ «ፓቴር ፓንቻሊ»ን ሠርቶ ነበር። የኢንሹራንስ ውሉን አስይዞ፣ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጦ የጀመረው፣ ገንዘብ እያለቀበት ወራት የቆመ፣ በኋላ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ደግፎት ያለቀ ፊልም ነው። እዚያ ውስጥ አባት ከረጅም መንገድ ይመለሳል፤ ለልጁ ለዱርጋ የገዛውን ሳሪ አውጥቶ ያሳያል። ዱርጋ ሞታለች፤ አያውቅም። እናትየዋ ሳሪውን ይዛ ስትወድቅ አፏ ይከፈታል፣ የልቅሶዋ ድምፅ ግን አይሰማም። ራይ ድምፁን አውጥቶ በቦታው ታር ሸህናይ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ አስገባበት። አውታሩ በእሷ ፈንታ ይጮኻል። ይህ ከማውቃቸው የፊልም ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ ጨዋው ነው፤ የእናትን ልቅሶ ከእኛ ጆሮ ይሸፍንላታል።

ጋታክ ተቃራኒውን አደረገ። ኒታ ሺሎንግ ተራሮች ላይ ባለ የነቀርሳ ማገገሚያ ውስጥ ናት። ሻንካር አሁን ዝነኛ ዘፋኝ ሆኗል፤ ሊጠይቃት መጥቶ የቤቱን ወሬ ይነግራታል፤ ቤቱ እየተሠራ ነው፣ የጊታ ልጅ አድጓል፣ እንዴት እንደሚፈነጥዝ ብታዪው። ኒታ በድንገት ትጮኻለች፤ ወንድሜ፣ እኔ እኮ መኖር ፈልጌ ነበር። ካሜራው ተራሮቹን ዙሪያ መለስ እያለ ያያል፣ ተራሮቹም ድምፁን እየተቀባበሉ ይመልሱታል። ጋታክ እዚህ ላይ ምንም አይሸፍንም። ለብዙ ተመልካች ከመጠን ያለፈ ይመስለዋል፤ የራይ ጨዋነት ይበልጥበታል። እኔም ለረጅም ጊዜ ከራይ ወገን ነበርሁ።

እታለም አላለቀሰችም። ጋቢዋን ሰብስባ ዝም ብላ አየች፤ ድምፁ ከተራሮቹ ላይ ጨርሶ ሲጠፋ «ጮኸች። ጥሩ አደረገች» አለች።

ቆይታም ጨመረችበት። «እኛ የምንጮኸው የት ነው? እሑድ ቤይሩት ዳር፣ ዳውራ ስንገናኝ እንኳን ሳቅ ነው የምንሳሳቀው። ስልክ ስደውል ካርዱ ውድ ነው። ሰው በውድ ካርድ አይጮኽም፤ ደህና ነኝ፣ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ብሎ ይዘጋል።»

እነዚያን ስልኮች አስታውሳለሁ። አያቴ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማ ነበር የምታወራው፤ ተቀምጦ ማውራት ገንዘብ የሚያስፈጅ ይመስላት ነበር። እኛ ልጆቹ በየተራ «ደህና ነሽ እታለም» እንድንል እንገፋፋለን። ደህና ነኝ ትላለች። ሁልጊዜ ደህና ነበረች። አንድ የእጅ ቁስል ሆስፒታል ያስተኛትን ጊዜ እንኳን ያወቅነው ከተመለሰች በኋላ ጠባሳውን አይተን ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችውን ሁሉ እኛ ደህንነት ነው ብለን ተቀበልነው። ከዚያ ምሽት በኋላ የጋታክን ጩኸት በዝቷል ማለት አልችልም። እንዲያውም ተራራ አነሰው።

ሌላይቱ ልጅ

ፊልሙ በኒታ ጩኸት አያልቅም። ሻንካር ወደ ሰፈሩ ተመልሷል፤ ባለሱቁ ስለ ኒታ ይጠይቀዋል። በዚያ መሐል አንዲት ሌላ ወጣት በመንገዱ ታልፋለች፤ የሰንደሏ ማሰሪያ ይበጠሳል፤ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትሄዳለች። ሻንካር ፊቱን ይሸፍናል። ለዓመታት ይህን መጨረሻ እንደ ግሩም የቅርፅ ጥበብ ነበር የማየው፤ ዛሬ ግን ከዚያ በላይ ሆኖብኛል፣ ምክንያቱም የእኛ ቤት ሌላይቱ ልጅ የአጎቴ ልጅ ናት።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ አራት እንኳን አልሞላም፤ እሷም ከብዙኃኑ ጋር ቀረች። ፀጉር ቤት ተቀጠረች፣ ተወች፣ ሱቅ ተቀጠረች። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ሪያድ ልትሄድ ነው። የሄደች ጊዜ የምትሠራው ለታናናሾቿ ትምህርትና ለቤቱ ግድግዳ እንደሆነ አጎቴ በኩራት ተናገረ። ያንን ኩራት እናውቀዋለን።

እታለም አትሂጂ አላለቻትም። ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ እኔም ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ያደረገችው ሌላ ነው፤ እሑድ ቡና አፈልታ አጎቴንና ሚስቱን፣ ልጅቷን፣ እኔንም ጠራችን። ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ነገሩን አመጣችው። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት በስሟ የባንክ ሒሳብ ትክፈት፤ ደብተሩ በእናቷም በአባቷም እጅ አይቀመጥ፤ ከምትልከው ገንዘብ ሲሶው በቀጥታ እዚያ ይግባ፤ ሞት ካልመጣ በቀር ማንም እንዳይነካው። የሚያገባት ሰው ሽማግሌ ቢልክ ደግሞ መልሱን ራሷ በስልክ ትስጥ።

አጎቴ ስኒውን አስቀመጠ። «ልጄን ከእኔ ልትለዪ ነው?» አለ። ቀጥሎም አያቴን አነሣ፤ እማዬ በሕይወት ብትኖር ይህን ትሰማ ነበር? እናት ለልጆቿ ስትል ምን ያልሆነችው አለ? ራድሃን አላነሣም፤ ስሟን ረስቶት ይሆናል፤ እኔ ግን እሷው ቤት ውስጥ የገባች መሰለኝ።

እታለም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንተ የተማርህበትን አልጠይቅህም» አለችው። «አሁን የምተኛው ሰርቪስ ቤት ነው። ጣራውን እኔ ነኝ ያስመታሁት፤ ካርታው ግን በማን ስም ነው?»

አጎቴ መልስ አልነበረውም፤ ተነሥቶ ወጣ። ሚስቱ ረከቦቱን መሰብሰብ ጀመረች። ልጅቷ ግን ዱካዋን ሳብ አድርጋ ወደ እታለም ቀረበች። «ሲሶው ስንት ይሆናል?» አለች። እታለም ከኤጀንሲው የመጣውን ወረቀት ገልብጣ ብዕር ጠየቀችኝ። ደመወዙ 1,000 ሪያል ነው የተባለችው። ለቤት ይህን ያህል፣ ለስልክ ይህን ያህል፣ ለራሷ ሳሙናና ልብስ ይህን ያህል እያለች ትጽፋለች፤ ልጅቷ ለራሷ የተባለውን ስታይ ይበዛል አለች፤ እታለም አይበዛም ብላ አሰመረችበት።

አጎቴ እስካሁን አልተስማማም። እናትየዋ ግን መታወቂያዋን እንድታድስ ልጅቷን ወደ ቀበሌ ይዛት ሄዳ ነበር፤ ያለ መታወቂያ ሒሳብ አይከፈትም ተብለው ነው። ባንክ የሚሄዱት ሰኞ ጠዋት ነው፤ እታለምም አብራ ትሄዳለች፤ የራሷንም ልትከፍት።